የአንድ አባት ዕድሜና የዘመኑ ታሪክ

ታሪክ ሲባል የነገሥታትና የጦር ሜዳ ወሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሆኖም በመስጊዳችን የፊት ሰፍ ላይ ምርኩዛቸውን አስደግፈው የሚቀመጡት አባቶች ዕድሜ ራሱ ታሪክ ነው። ለምሳሌ ያህል በ1928 ዓ.ም. ወሎ ተወልደው፣ በጉልምስናቸው አዲስ አበባ መጥተው በልብስ ስፌት የኖሩ አንድ አባት እንውሰድ።

በተወለዱበት ዓመት የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። አምስት ዓመት ሲሆናቸው፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ወራሪው ተባረረ። በልጅነታቸው ቁርኣን ቀርተዋል፤ ትርጉሙን ለማወቅ ግን ሸኽ ፊት መቀመጥ ነበረባቸው። ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብና ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅ የተረጎሙት የአማርኛ ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. ታትሞ ሲወጣ እሳቸው የ33 ዓመት ሰው ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ዒድ የሥራ ቀን ነበር። መንግሥት ቤት የሚሠራው ሰግዶ ወደ ቢሮው ይሮጣል፤ ተማሪውም ወደ ክፍሉ። ሙስሊሙ የሚጠራው «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» እየተባለ ነበር፤ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ መሆኑ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊም «የኢትዮጵያ ሙስሊም ነኝ» ብሎ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖቹም አብረውት ወጡ። በ1967 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ። እኒህ አባት ሱቃቸውን ዘግተው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ዒድን በሙሉ ቀን ማክበር የቻሉት ከአርባ ዓመት ዕድሜ አፋፍ ላይ ደርሰው ነው።

ከዚያ ወዲያ የ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወሎን መታ፤ በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ በ1987 ዓ.ም. የሃይማኖት ነፃነት በሕገ መንግሥት ሰፈረ፤ በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ረመዳን በ33 ዓመት ገደማ ወቅቶችን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል፤ እሳቸው የክረምቱንም የበጋውንም ጾም ሁለት ዙር አይተዋል። መንግሥት ሲለዋወጥ ሰላታቸው አልተለወጠም።

ውድ አንባቢ፣ ልጆቻችን በዒድ ቀን ትምህርት ቤት መዘጋቱን ከጥንት የነበረ ነገር ይመስላቸዋል። ያልነበረበትን ቀን የሚያውቁት አባቶች ደግሞ አንድ በአንድ እየተለዩን ነው። ስለዚህ ከዙሁር ሰላት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ይበሉ፤ «አባቴ፣ በ1966 የት ነበሩ?» ብለው ይጠይቁ፤ የሰሙትንም ይጻፉ። አላህ የቀሩትን ያቆይልን፣ ያለፉትን ይማርልን። አሚን።