ሜዲያስቲኖስኮፒ፦ የመሃል ደረት ምልከታ

የሳንባ ካንሰር ሲገኝ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መታወቅ ያለበት በሽታው እስከ የት እንደ ደረሰ ነው። ይህን ብዙ ጊዜ የሚናገሩት በሁለቱ ሳንባዎች መካከል፣ በትንቧ (በትንፋሽ ቧንቧ) እና በታላላቅ የደም ሥሮች ዙሪያ ያሉት የሊምፍ እጢዎች ናቸው። ሐኪሞች ቦታውን ሜዲያስቲነም ይሉታል፤ በአማርኛ «መሃል ደረት» ልንለው እንችላለን። ወደዚያ ገብቶ ማየትና ናሙና መውሰድ ሜዲያስቲኖስኮፒ፣ «የመሃል ደረት ምልከታ» ነው። ሲቲ ስካን እጢው ማበጡን ቢያሳይም ያበጠው በካንሰር ይሁን በቲቢ በእርግጠኝነት አይለይም፤ ቲቢ በበዛበት አገራችን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ካንሰሩ ተሻግሮ በተቃራኒው ወገን ያሉ እጢዎች ላይ ከደረሰ ደግሞ ሳንባውን ቆርጦ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አይጠቅምም፤ ይህ አስቀድሞ ሲታወቅ ሕመምተኛው ከከንቱ ቀዶ ሕክምና ይተርፋል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1959 ያስተዋወቀው ስዊድናዊው ሐኪም ኤሪክ ካርለንስ ነው። ከፍርምባ በላይ፣ አንገት ሥር ባለው ጎድጓዳ ጥቂት ሳንቲሜትር ይቀደድና መመልከቻው ትንቧን ተከትሎ ቁልቁል ይገባል። ሕመምተኛው በሙሉ ሰመመን ውስጥ ነው፤ የሚተነፍስለት ማሽን ነው።

የሰመመን ባለሙያው ንቃት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። መመልከቻው ወደ ቀኝ ክንድና ወደ ቀኝ አንጎል የሚያመራውን ደም ቅዳ ሊጫነው ይችላል። የሚያስፈራው አንጎል ደም ማጣቱ ነው፤ ምልክቱን የሚሰጠው ግን ቀኝ እጅ ነው። ስለዚህ የኦክስጅን መለኪያው በቀኝ ጣት፣ የደም ግፊት መለኪያው በግራ ክንድ ይደረጋል። ግራው ደኅና ሆኖ በቀኝ ጣት ያለው ምት ከጠፋ ልብ ቆመ ማለት አይደለም፤ ቀዶ ሐኪሙ መመልከቻውን ሳብ እንዲያደርግ ወዲያው ይነገረዋል። መለኪያውን በትክክለኛው ጣት ማድረግ ወጪ የለውም፤ ሰውን ግን ከስትሮክ ሊያድን ይችላል። ቸል ሊባል አይገባም።

ከባድ መድማት ብርቅ ቢሆንም ሲደርስ ደረትን እስከ ማስከፈት ይሄዳል። ስለዚህ ተስማሚ ደም አስቀድሞ ይዘጋጃል። ከላይኛው አካል ወደ ልብ የሚወርደው ደም መልስ ከተቀደደ በክንድ የተሰጠው ፈሳሽ ልብ ሳይደርስ ስለሚፈስ በእግር በኩል መስመር ይከፈታል።

ዛሬ በብዙ ማዕከላት የሚቀድመው በአፍ የሚገባ፣ አልትራሳውንድ ያለው መመልከቻ ነው፤ ናሙናውን በመርፌ ይወስዳል፣ አንገት አይቀደድም። መርፌው ምንም ሳያገኝ ጥርጣሬው ከጸና ግን ወደ መሃል ደረት ምልከታ ይኬዳል።

ምርመራው ከታዘዘልዎ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ወይም ፊትና አንገትዎ የሚያብጥ ከሆነ ለሰመመን ባለሙያው ሳይጠየቁ ይንገሩ።