የድምፅ መሣሪያ፥ ከባትሪ ድንጋይ እስከ መሰርሰሪያ ባትሪ

መሣሪያ ኀይሉን ሲያጣ የያዘውም ድምፅ አብሮት ይታሰራል። በብዙ ቤት የወላጆች ምክርና የሰርግ ዘፈን የተቀረጸባቸው ካሴቶች ዛሬም ተቀምጠው ይገኛሉ፤ ማጫወቻው ግን ወይ ድንጋዩ አልቆበት፥ ወይም ውስጡ የተረሳው ድንጋይ ፈስሶ ማያያዣውን በልቶት ዝም ብሏል። ይህ ዝምታ እንዴት እንደሚሰበር ለመረዳት የባትሪን ታሪክ ከመነሻው ማየት ይገባናል። ዘመኑን ሁሉ የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ኢጣልያዊው ቮልታ የመጀመሪያውን ባትሪ በ1800 ዓ.ም. አስታወቀ። በ1866 ፈረንሳዊው ሌክላንሼ ዚንክና ማንጋኒዝ ያለበትን ባትሪ ሠራ፤ ፈሳሹም በኋላ በሊጥ መሰል ነገር ስለ ተተካ፥ ባትሪው ለመንገድ የሚመች ደረቅ ዕቃ ሆነ። በአገራችን «ባትሪ ድንጋይ» የተባለው የዚሁ ዝርያ ነው። የአንዱ ድንጋይ ጉልበት 1.5 ቮልት ሲሆን፥ ማናቸውም ፋብሪካ ቢሠራው መጠኑ የታወቀ ስለ ሆነ ከየትኛውም ሱቅ ተገዝቶ ይገባል።

በቫልቭ ይሠሩ የነበሩት ተንቀሳቃሽ ራዲዮኖች ሁለት ዓይነት ባትሪ ይፈልጉ ነበር፤ አንዱ የቫልቩን ክር የሚያግል፥ ሁለተኛውም ብዙ ጊዜ 90 ቮልት ያህል የሚሰጥ ነበረ። ትራንዚስተር በ1947 ከተፈለሰፈ በኋላ ግን ጥቂት ድንጋይ የሚበቃበት ዘመን መጣ። ፖላንድ ተወልዶ በስዊስ ይኖር የነበረው ስቴፋን ኩደልስኪ በ1951 የሠራው ናግራ የተባለ መቅረጫ ሞተሩ እንደ ሰዓት የሚሞላ ነበረ፤ በ1958 የወጣው ሦስተኛው ናግራ ግን በ12 ትልልቅ ድንጋዮች ሠራ። ፊሊፕስ በ1963 ካሴትን ካስተዋወቀ በኋላ የመጡት ታላላቅ ማጫወቻዎችም እስከ 10 ድንጋይ የሚውጡ ሆኑ።

በሌላ ወገን ብላክ ኤንድ ዴከር ያለ ገመድ የሚሠራ መሰርሰሪያ በ1961 ለገበያ አቀረበ። ሶኒ የሊቲየም ባትሪን በ1991 ከሸጠ በኋላ፥ ከ2005 ጀምሮ የመሰርሰሪያውም ባትሪ ሊቲየም እየሆነ ሄደ። በውስጡ 3.6 ቮልት ያላቸው አምስት ሴሎች ተቀጣጥለው 18 ቮልት ይሰጣሉ፤ የናግራም 12 ድንጋዮች ሲደመሩ ያው 18 ቮልት ናቸው! ስለዚህ የአሮጌ መሣሪያ ወዳጆች ይህንኑ ደጋግሞ የሚሞላ ባትሪ በድንጋዩ ፈንታ ያገናኙት ጀመር።

ነገር ግን ቍጥር መመሳሰሉ አያታልለን። ያ ባትሪ ጢም ብሎ ሲሞላ 21 ቮልት ይጠጋል፤ አብዛኛው አሮጌ ማጫወቻ ግን የሚፈልገው 6፥ 9 ወይም 12 ነው። በመካከል ቮልቱን የሚቀንስ መሣሪያ ካልገባ፥ ድምፁን እናድናለን ስንል ማጫወቻውን እናቃጥላለን። ሽቦው ቢነካካ እሳት እንዳይነሣም በባትሪው አፍ ፊውዝ ያስፈልጋል። ፖዘቲቩን ከኔጋቲቩ ለይቶ ማገናኘትም ግድ ነው። ባትሪው ከልክ በላይ ሲደክም ሥራውን የሚያቆመው ብዙ ጊዜ መሰርሰሪያው ራሱ ስለ ሆነ፥ ለራዲዮው ይህን የሚጠብቅ ማቋረጫ ካልተደረገለት ባትሪው ይበላሻል።

ድንጋዩ የሁሉ ነበረ፤ የመሰርሰሪያው ባትሪ ግን ቅርጹ በየፋብሪካው የተለያየ ነው። ያም ሆኖ አዲሱ ጉልበት የአሮጌውን ልክ አውቆ ሲያገለግል፥ ዝም ያለው ማጫወቻ ይናገራል። ኀይልን የሚያስከብረው ብዛቱ ሳይሆን ልኩ መሆኑን ከዚህ እንማራለን።