ተክሌ አቋቋም

የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይቸግራል። (ከሚነገረው እኩሌታው የእርሳቸው መሆኑን እጠራጠራለሁ።) የአቋቋም መምህርነታቸውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በጎንደር በአታ ሳሉ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። ምሳሌ የሆናቸው ነፋስ ሲነሣ የሚመላለሰው የጣና ማዕበልና በዳርቻው የሚያጎነብሰው፣ መልሶም የሚቃናው ሸንበቆ ነው ይባላል። ጎንደር ግን አልተቀበለችውም። በዝማሜውና በመረግዱ የአባቶችን ሥርዐት የሚጠብቁት ካህናት ለእንዲህ ያለ መወዛወዝ ልባቸው አልፈቀደም።

ያን ጊዜ ልጃቸው ተክሌ፣ በአባቱ አበረታችነት፣ ስልቱን ይዞ ወደ ደብረ ታቦር ሄደ። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ጀምሮ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ የነበረች፣ በኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ የከተሙባት ታላቅ ከተማ ናት። ቅኔ ቢሆን በቃል ይላካል፤ ድጓ ቢሆን በብራና። አቋቋም ግን የሚሄደው በሰው ወገብና እግር ነው። እዚህ በመርጡለ ማርያም በበዓል ቀን ወረብ ስመለከት፣ ከሰልፉ ጫፍ ቆሞ መቋሚያውን ከትልልቆቹ እኩል ለማንሣት የሚታገል ልጅ ባየሁ ቁጥር ተክሌ ትዝ ይለኛል። በማያውቁት ሊቃውንት ፊት ቆሞ መቋሚያውን ሲያዘነብል፣ የተናቀው የአባቱ ጥበብ ያለ እርሱ ሌላ ምስክር አልነበረውም።

ደብረ ታቦር ተቀበለችው። ስልቱ ዛሬም ድረስ የሚጠራው በልጁ ስም ነው፤ ለአባትየው የቀረላቸው ቀልዱ ነው።