የኔትወርክ አድራሻ እደላ፦ ከእጅ ምዝገባ ወደ ዲኤችሲፒ

ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝ ኮምፒውተር ሁሉ የራሱ አይፒ አድራሻ ሊኖረው ይገባል። የኢንተርኔት ቀዳሚ የነበረው አርፓኔት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደ ቲሲፒ/አይፒ ሲሸጋገር አድራሻው በየማሽኑ በእጅ ይሞላ ነበር። ማሽኖቹ ጥቂትና ከቦታቸው የማይነቃነቁ ስለነበሩ ሥራው ብዙም አላስቸገረም። ዲስክ አልባ ዎርክስቴሽኖች ሲመጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። እንዲህ ያለው ማሽን አድራሻውን የሚያኖርበት ቦታ ስለሌለው በተከፈተ ቁጥር ከሌላ መጠየቅ ነበረበት።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ በጁን 1984 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የቀረበው ራርፕ የተባለው ፕሮቶኮል ነው። ማሽኑ የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር በመስመሩ ላይ ላሉት ሁሉ ያሰራጫል፤ ሰርቨሩም አይፒ አድራሻውን ይመልስለታል። ሆኖም ራርፕ ከአድራሻው ሌላ የሚሰጠው መረጃ አልነበረም፤ ጥሪውም ራውተርን አያልፍም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ኔትወርክ ላይ አንድ ሰርቨር ማቆም ግድ ሆነ። በኦገስት 1985 አንድን ኔትወርክ ወደ ሳብኔቶች የመከፋፈል ሥርዓት ደረጃ ሲወጣለት ይህ ጉድለት ይበልጥ ጎልቶ ታየ።

በቀጣዩ ወር የስታንፎርዱ ቢል ክሮፍትና የሰን ማይክሮሲስተምስ ባልደረባ ጆን ጊልሞር ቡትፒ የተባለውን ፕሮቶኮል አወጡ። ቡትፒ በዩዲፒ ላይ ይሠራል፤ ሰርቨሩ በፖርት 67፣ ጠያቂው በፖርት 68 ይቀበላል። ትልቁ እርምጃ ግን በመልእክቱ ውስጥ ለአስተላላፊ የተመደበው ቦታ ነው። በሳብኔቱ ላይ ያለ ራውተር ጥሪውን ተቀብሎ የራሱን አድራሻ በዚያ ቦታ ይጽፍና ሩቅ ወዳለው ሰርቨር ይልከዋል። በዚህ መንገድ አንድ ሰርቨር ብዙ ሳብኔቶችን ማገልገል ቻለ። ቢሆንም እያንዳንዱ ማሽን አስቀድሞ በሰርቨሩ መዝገብ በእጅ መስፈር ነበረበት።

ይህን ድካም ያስቀረው ዲኤችሲፒ ነው። የመጀመሪያው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 1531፣ በባክኔል ዩኒቨርሲቲው ራልፍ ድሮምስ ተዘጋጅቶ በኦክቶበር 1993 ወጣ። በማርች 1997 ደግሞ የተሻሻለው ሰነድ፣ አርኤፍሲ 2131፣ ታተመ። ዲኤችሲፒ አድራሻን ለዘለቄታው ከመስጠት ይልቅ በጊዜ ገደብ ያውሳል። ጠያቂው ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሰርቨሩ አድራሻ ያቀርባል፣ ጠያቂው የቀረበለትን እንደሚፈልግ ያሳውቃል፣ ሰርቨሩም ያጸድቃል። የውሰቱ ዘመን ሲጋመስ ማሽኑ እንዲታደስለት ይጠይቃል፤ ካልታደሰ አድራሻው ጊዜው ሲያበቃ ለሌላ ይሰጣል። ዲኤችሲፒ የቡትፒን የመልእክት ቅርጽና ፖርቶች እንዳሉ ስለያዘ፣ ቀድሞ የተተከሉት አስተላላፊዎች ለአዲሱም አገለገሉ።

የሰርቨሩ አዘገጃጀትም ከዚህ ታሪክ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ሳብኔት የሚታደሉት አድራሻዎች፣ የሳብኔት ማስኩ፣ የመውጫው ራውተር፣ የዲኤንኤስ ሰርቨሩና የውሰቱ ጊዜ ይመዘገባሉ። ሰርቨር በሌለበት ሳብኔት ራውተሩ በአስተላላፊነት ተዋቅሮ የሰርቨሩ አድራሻ ይነገረዋል። ጥያቄው ሲደርስ ሰርቨሩ የአስተላላፊውን አድራሻ አይቶ ከየትኛው ሳብኔት እንደመጣ ይለያል፤ ቦታው ዜሮ ከሆነ ጥያቄው ከራሱ መስመር የመጣ ነው። መልሱ የሚላከው ለአስተላላፊው ስለሆነ ሰርቨሩ ወደዚያ ሳብኔት የሚወስድ መንገድ ሊኖረው ይገባል። በእጅ ለአታሚዎችና ለሰርቨሮች የተሰጡ አድራሻዎችም ከእደላው ውጭ መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ሁለት ማሽኖች በአንድ አድራሻ ይጋጫሉ።

የዲኤችሲፒ አገልግሎት በ1994 ከዊንዶውስ ኤንቲ ሰርቨር 3.5 ጋር ወደ ቢሮዎች ገባ። በ1997 መጨረሻ የኢንተርኔት ሶፍትዌር ኮንሰርቲየም ነጻ የዲኤችሲፒ ሶፍትዌር ሲለቀቅ በዩኒክስ ማሽኖችም ተስፋፋ። ለአይፒ ቨርዥን 6 የተዘጋጀው ዲኤችሲፒ በ2003 ደረጃ ወጣለት። ኮንሰርቲየሙ የቀድሞውን ሶፍትዌር ማሻሻል በ2022 አቁሞ ኪያ በተባለው ተክቶታል። በአይፒ ቨርዥን 4 ግን የአድራሻ እደላው መሠረት እስከ ዛሬ የ1997ቱ ሰነድ ነው።