ድመቱና አይጡ በፍኖተ ሰላም

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዕለት፣ በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር፣ ከርእሰ ከተማው በደብረ ማርቆስ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቆረቆሩት የጎጃም ከተሞች፣ ደምበጫም፣ ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላምም፣ የነቀምት መንገድ የሚገነጠልባት ቡሬም፣ ከዚህ አዲስ ጥበብ ገና ሩቅ ነበሩ። ሥርጭቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ክፍላተ ሀገር በደረሰ ጊዜም ሣጥኑን የሚገዛው ሰው ጥቂት፣ ሊያየው የሚሻው ግን እልፍ ስለ ነበረ፣ በአንድ ሰው ቤት የተቀመጠው ዕቃ ሳይውል ሳያድር የሠፈር ሁሉ ንብረት ሆነ።

በልጅነቴ በፍኖተ ሰላም፣ የልጆች ክፍለ ጊዜ ሲቃረብ፣ ቴሌቪዥን ካለበት ደጃፍ ተሰልፈን «እትዬ፣ እግራችንን ታጥበናል» እያልን ፈቃድ እንለምን ነበር፤ ባለቤቲቱም እግራችንን አንድ በአንድ ከመረመሩ በኋላ ወለሉ ላይ ይደረድሩናል። ዕድሉ ያልደረሳቸው በመስኮት በኩል ይመለከታሉ፤ ከእነርሱም መካከል ከገጠር እንጨት ሊሸጡ መጥተው በዚያው የቀሩ የባላገር ልጆችና፣ ደበሏቸውን ለብሰው አኩፋዳቸውን ያነገቱ የቆሎ ተማሪዎች አይጠፉም ነበር። መብራት የጠፋ ቀን የነበረው ኀዘን ዛሬም ከልቡናዬ አልወጣም።

አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ የሚላቸው የመድረክ ሊቅ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ቴሌቪዥኑ ከተመሠረተበት ዘመን አንሥቶ ከ40 ዓመታት በላይ ተረት የነገሩን፣ እንደ አያት ከፊታችን ተቀምጠው፣ በድምፃቸውና በፊታቸው መለዋወጥ ብቻ ነበር። ከተረቱ ሌላ የምንጠብቀው ድመቱና አይጡ፣ ቶምና ጄሪ፣ የሚሳደዱበትን ካርቱን ነው። በዚህ ካርቱን ንግግር የለም ለማለት ይቻላል፤ ስለዚህ እንግሊዝኛ ከቶ ያልሰማው የቡሬ እረኛና በአሜሪካ ከተማ የተወለደው ሕፃን በአንዲት ቅጽበት እኩል ይሥቁ ነበር። ጅብና ቀበሮ፣ ጦጣና አንበሳ በሚሟገቱበት ተረት ላደገ ልጅ ደግሞ ብልሁ ትንሽ ኃይለኛውን ትልቅ ሲያሸንፍ ማየት የተወለደበት ቋንቋ ነው።

የዚህን ሥራ ታሪክ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ ሁለት ሰዎች በሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የፊልም ኩባንያ ውስጥ የመጀመሪያውን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1940 አወጡ፤ እስከ 1958 ድረስም 114 አጫጭር ፊልሞች በእነርሱ እጅ ተሠሩ፤ ከእነዚህ ሰባቱ የኦስካር ሽልማት ተቀዳጁ። በአንድ ሰከንድ 24 ምስል በሚያልፍበት ፊልም የሰባት ደቂቃ ጨዋታ ከ10,000 የሚበልጥ ምስል ይፈልጋል፤ ሥዕሉም በእርሳስ ተነድፎ፣ በግልጽ ፕላስቲክ ላይ ተገልብጦ፣ በእጅ ቀለም ይቀባ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ ስኮት ብራድሌይ ለእያንዳንዱ እርምጃ፣ ለእያንዳንዱ መውደቅና ለእያንዳንዱ ድንጋጤ የሚስማማ ዜማ በመለኪያ እየቀመረ ይጽፍ ስለ ነበረ፣ ዓይንን ጨፍኖ እንኳ ድመቱ የት እንደ ደረሰ ማወቅ ይቻላል። በ1947 ለእይታ የቀረበውና ቶም የሊስትን የሃንጋሪ ራፕሶዲ በፒያኖ ሲጫወት የሚታይበት ፊልም የዚህ ጥበብ ከፍተኛ መዓርግ ይመስለኛል።

ውድቀቱ የመጣው ከገንዘብ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋ፤ ሁለቱ ባለሙያዎችም የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ወደ ቴሌቪዥን ገቡ፤ በዚያም በየሳምንቱ አዲስ ታሪክ ይጠየቅ ነበርና፣ ሙሉ አካል ማንቀሳቀስ ቀርቶ አፍና እጅ ብቻ መንቀሳቀስ ጀመረ። በገጸ ባሕርያቱ አንገት ላይ አንገትጌ ወይም ክራባት የሚታሰረውም ራሱ ሲነቃነቅ አካሉ ያው የቀድሞው ሥዕል ሆኖ እንዲቀር ነው፤ የሚሮጠው እንስሳም በዚያው ዛፍና በዚያው ቤት ፊት ደግሞ ደጋግሞ ያልፋል። ቶምና ጄሪ ግን ለሌሎች ተሰጡ፤ በፕራግ ከተማ ይሠራ የነበረው ጂን ዳይች፣ ለአብነት ያያቸው የቀድሞ ፊልሞች ጥቂት ሆነው ሳለ፣ 13 ፊልሞችን አወጣ፤ ቀጥሎ ቸክ ጆንስ 34 ሠራ፣ የእርሱም ሥዕል ያማረ ሆኖ ሳለ የማሳደዱ ትኩሳት ቀዝቅዞ ነበር። በ1975 ሃና እና ባርቤራ ራሳቸው ለቴሌቪዥን ሲመልሷቸው፣ የሕፃናት ፊልም ጠብ እንዳይኖርበት በተጠየቀበት ዘመን ነበርና፣ ሁለቱ ጠላቶች ወዳጆች ሆኑ፣ ጄሪም ቀይ ክራባት አሰረ። የታላቁን ሥራ መሥራቾች በደካማው ሥራ ላይም ማግኘት ያሳዝነኛል፤ ሆኖም የጎደለባቸው ጊዜ እንጂ ጥበብ አልነበረምና ልፈርድባቸው አልደፍርም።

እኛ እነዚህን ዓመታት ሁሉ ባናውቅም ልዩነቱን እናውቅ ነበር፤ ፊልሙ የሥራ ዘመኑ ተቀላቅሎ ይቀርብልን ስለ ነበረ፣ በመጀመሪያው የሙዚቃ ድምፅ ብቻ «ይኼ ደኅናው ነው» ወይም «ይኼ የማይጥመው ነው» ብለን እንለይ ነበር። እንደነ ጎንጅና ዋሸራ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ጉባኤ ቤቶች በበቀሉበት ምድር ይህ አያስደንቅም። ትናንት የተሰማውን ቅኔ ዛሬ መልሶ ማቅረብ ለባለ ቅኔው ነውር በሆነበት አገር፣ ያንኑ ዛፍ ሦስት ጊዜ የሚያሳልፍ ሠዓሊ በሕፃን ፊት እንኳ ሳይታወቅበት አይቀርም።

ነገር ግን የቀድሞውን ሁሉ ንጹሕ አድርጎ ማመስገን እውነትን መበደል ነው። በጥንቶቹ ፊልሞች ፊቷ የማይታይ፣ እግሯና መጥረጊያዋ ብቻ የሚታይ ጥቁር ሴት አለች፤ በፍኖተ ሰላም ያለን ሕፃናት የቤቱ እመቤት እንላት ነበር፤ የተቀረጸችው ግን የአሜሪካ ነጮች በጥቁር ሠራተኛ ላይ ከሠሩት የማላገጫ ምስል ነው። ሥዕሉን የነደፈው ያ ትጉህ እጅ ይህንም ነድፏል፤ ወደ ልጆቻችን ስናቀርበው ይህን ልንነግራቸው ይገባል።

አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ። እርሳቸው በሕይወት ሳሉም፣ የዲሽ ሳሕን በየጣሪያው ተተክሎ ካርቱን ቀኑን ሙሉ ሲፈስ፣ በአዲስ አበባ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2006 «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን ዝግጅት በአንዲት የአሻንጉሊት ቀጭኔ አስጀመሩ፤ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ቢሆንም ለሕፃኑ የሚያስብ ሰው እንደ ሠራው ከመጀመሪያው ይታወቅ ነበር። አንድ ወንበርና አንድ ተረት ብቻ የነበራቸው ሽማግሌ ከ40 ዓመት በላይ ያልደበዘዙትም በዚሁ ምክንያት ነው። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር ማታ በምድጃ ዙሪያ የሚነገረውን የጅብና የቀበሮ ሙግት፣ ያ የ1940ዎቹ ትዕግሥት ያለው የእኛ ሠዓሊ በእርሳስ ነድፎት፣ የእኛ መሰንቆ መቺም እርምጃ በእርምጃ ተከትሎት ለማየት እጅግ እመኛለሁ።