የበኩር ልጅ ሴት ብትሆንስ?

የካቲት 12 በመጣ ቁጥር ሁለት ስሞች ይነሣሉ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም። ይገባቸዋል። ግን በ1929 ዓ.ም. በዚያ ቀን የገነተ ልዑልን ግቢ የሞላው ማን ነበር? ግራዚያኒ የኢጣልያ አልጋ ወራሽ ልጅ ተወለደለት ብሎ ለምጽዋት የጠራው ድኻ ነው። ቦምቡ ከፈነዳ በኋላ መትረየሱ የዘነበው በዚሁ ድኻ ላይ ነው። ግድያውና ቃጠሎው ሦስት ቀን ዘለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30,000 ሲል፣ ታሪክ ጸሐፊው ኢያን ካምቤል ወደ 19,000 ይገምታል።

ቀጨኔ ከዚያ ግቢ የእግር መንገድ ነው። ሸክላ ሠሪና ሸማኔ የሰፈረበት፣ «ቡዳ» እየተባለ የተገለለ ሕዝብ መንደር። እናት ጀበና፣ ምጣድና እንስራ ትሠራለች፤ ልጅ ተሸክማ ገበያ ታወጣለች። እንዲህ ያለች የ12 ዓመት ልጅ በዚያ ሳምንት የት ተደበቀች? ማንን ቀበረች? የአርበኞች ታሪክ ገጽ አልሰጣትም። ጀበናዋን የገዛ ሁሉ ስሟን አልጠየቀም።

ልብ ወለድ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተሠራው በሂሩት ላይ ነው፤ ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ የነበረች፣ ኋላ ጠመንጃ ያነሣች ልጅ። መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት አንዱ ሆነ። የሚገርመው ደራሲዋ ከእናቷ ዘግይታ የሰማችው ነው። የበኩር ወንድ ልጅ ይዝመት ሲባል፣ ገና ልጅ የነበረችው ቅድመ አያቷ «በኩሯ እኔ ነኝ» አለች። አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ቢሰጥ ከስሳ ረታች፤ ተቀብላም ዘመተች። ይህ ፈጠራ አይደለም፤ ማንም ስላልጠየቀ ብቻ በቤት ውስጥ የቀረ ታሪክ ነው።

«ልብ ወለድ ታሪክ ያዛባል» የሚሉ አሉ። ቀኑንና ቦታውን የሚያፋልስ ደራሲ በእርግጥ ያዛባል። ነገር ግን መዝገቡም ጸሐፊ ወደነበረው ሰው ያዘነበለ ነው። ቀኑን ከመዝገብ፣ የሸክላውን አሠራር ከእናቶች ወስዶ የልጅቷን ፍርሃት በራሱ ልብ የሚሞላ ደራሲ ሚዛኑን ያቃናል።

በ1929 የ10 ዓመት ልጅ የነበረ ዛሬ መቶ ዓመት ይጠጋዋል። ያ በር እየተዘጋ ነው። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም. የቀይ ሽብር ወጣቶች ግን ዛሬም በየሰፈሩ አሉ፤ በቡና ሰዓት ሊጠየቁ ይችላሉ። ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ብቻ ነው የጎደለው።