ከፓርቲ የወጡ ድምፆችና የሕዝብ ጤና፤ ከቦሌ እስከ አራት ኪሎ

ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። የመጀመሪያው ታማሚ ከቡርኪና ፋሶ የመጣ ጃፓናዊ ነው። ከዚያ ወዲያ የአገሪቱ ጭንቀት ሁሉ በአዲስ አበባ ምሥራቅ ላይ ወደቀ። የቦሌ አየር ማረፊያ የሙቀት መለኪያና የለይቶ ማቆያ መነሻ ሆነ፤ የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ታማሚዎችን ተቀበለ፤ ኮንሰርትና ባዛር የሚካሄድበት የቦሌው ሚሌኒየም አዳራሽ አልጋ ተደርድሮበት ሕክምና ማዕከል ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ሊካሄድ የታሰበው ምርጫም በወረርሽኙ ምክንያት ተራዘመ።

የምርጫው መራዘምና የሥልጣን ዘመኑ ጉዳይ ወደ ላይኛው ምክር ቤት፣ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሲሄድ፣ አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን ከሥልጣን መልቀቃቸውን አስታወቁ። የሕገ መንግሥት ጥሰት ተባባሪ አልሆንም ነበር ምክንያታቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ ወሰነ፤ ምርጫው የጤና ባለሥልጣናትና የሳይንሱ ማኅበረሰብ ወረርሽኙ ሥጋት አለመሆኑን ካረጋገጡና የተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው በኋላ ከ9 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይካሄድ ተባለ። በዘመናችን የላይኛው ምክር ቤት መሪ በጤና ሰበብ በተነሳ ጥያቄ ወንበሩን ሲለቅ ያየነው ያኔ ነው። ነገር ግን ኬሪያ የሕወሓት ሥራ አስፈጻሚ አባል ነበሩ፤ ፓርቲያቸውም የሚለው ይህንኑ ነበር። ከምክር ቤቱ ተለዩ እንጂ ከፓርቲያቸው አልተለዩም። ክርክሩም ስለ ሥልጣን ዘመን እንጂ ስለ ታማሚው አልነበረም።

ይህን ጉዳይ እንዳሰላስል የሚያደርገኝ ሌላ አገር የታየ ድርጊት ነው። ሐምሌ 2009 ላይ አሜሪካዊው ሴናተር ጆን ማኬይን የአንጎል ካንሰር እንዳለባቸው በታወቀ በቀናት ውስጥ ሌሊት ምክር ቤት ገብተው፣ የራሳቸው ሪፐብሊካን ፓርቲ ለሰባት ዓመት ሲዝትበት የኖረውን የጤና መድን ሕግ የመሻር ውጥን አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አድርገው ጣሉት። ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ አብረዋቸው ነበሩ፤ ድምፁ 51 ለ 49 ሆነ። እኛስ ዘንድ ለታማሚ ሲል ከፓርቲው የወጣ ተመራጭ ነበረን?

በንጉሡ ዘመን ጥያቄው ራሱ አይነሳም። በ1923 የተመሠረተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ነበሩ፤ ፓርቲ የሚባል ነገርም አልነበረም። በደርግ ዘመን የመጣው ሸንጎ አንድ ፓርቲ ብቻ ያወቀ ነው።

በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባል ተገዢነቱ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው መሆኑን ደነገገ፤ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንዳይከሰስም ከለላ ሰጠው። ያንን ሰነድ ያጸደቀውን ጉባኤ የመሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ነበሩ፤ በኋላም ፕሬዚዳንት ሆኑ። በታሪካችን ከርእሴ ጋር በጣም የሚቀራረበው የእርሳቸው ነገር ነው። ነጋሶ በ1993 ከኦሕዴድና ከኢሕአዴግ ጋር ተለያዩ። በ1994 መጀመሪያ የሥልጣን ዘመናቸው ሲያበቃ ምክር ቤቱ አዋጅ ቁጥር 255ን አወጣ፤ ከኃላፊነት የተሰናበተ ፕሬዚዳንት ቤት፣ ተሽከርካሪ፣ ጥበቃና ሕክምና የሚያገኘው ከፓርቲ ፖለቲካ ከራቀ ነው የሚል። እርሳቸው ግን በ1997 በትውልድ ከተማቸው ደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው የምክር ቤት ወንበር አሸነፉ፤ ጥቅማ ጥቅሙም ተነጠቀ። ከፓርቲው የተለየ ሰው የሕክምና መብቱን በሕግ ያጣበት አገር ነው ያለን። ነጋሶ ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ጀርመን አገር በሕክምና ላይ እንዳሉ አረፉ። ይህ አዋጅ በወጣበት ቀን አንድ አባል እንኳ ተነስቶ ሕክምና የፖለቲካ ቅጣት መሆን የለበትም ቢል ኖሮ ስሙን ዛሬ በክብር እጽፈው ነበር።

ተመራጮቻችን ከመሪዎቻቸው መለየት አይችሉም ማለት አይደለም። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ሁሉም ወንበር በኢሕአዴግና በአጋሮቹ በተያዘበት ቤት 88 አባላት ተቃወሙ፣ 7 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ። የድጋፉ ቁጥር መጀመሪያ 346 ተብሎ ኋላ 395 ተባለ፤ አገሩ ሁሉ ሲቆጥር ዋለ። በ2011ም የወሰንና የማንነት ኮሚሽን አዋጅ ተቃዋሚ አላጣም። ስለ ጸጥታና ስለ ወሰን ሲሆን እጅ ለተቃውሞ ይነሳል።

ጤና ሲሆን ግን ዝምታ ነው። በጥር 2011 የጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሲጋራን ከቤት ውስጥ የሕዝብ መሰብሰቢያዎች አገደ፣ ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከለከለ፤ በሙሉ ድምፅ ነው ያለፈው። ለቦሌ ምሽት ቤቶች ትልቅ ለውጥ ነበር፤ ውሳኔው መልካም ስለሆነ አንድ ድምፅ መሆኑ አያስከፋኝም። የሚያስከፋኝ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ነው። በ2002 ወጣ፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ፣ አሠሪውም 3 በመቶ፣ ጡረተኛው 1 በመቶ እንዲያዋጡ ታሰበ። ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይጀመር ተንከባለለ። ደመወዝተኛው ቅነሳውን ፈራ፣ መንግሥትም ቀኑን ገፋ። በገጠር በ2003 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን እየሰፋ ሲሄድ፣ የከተማው ደመወዝተኛ ያለ መድን ቀረ። ምክር ቤቱ ያወጣው ሕግ ለምን እንዳልተፈጸመ አጥብቆ የጠየቀ፣ ለዚህም ከፓርቲው ጋር የተጋጨ ተመራጭ በአደባባይ አልታየም።

የዚህ ዋጋ በምሥራቅ አዲስ አበባ በግልጽ ይታያል። ከገርጂ እስከ ሃያ ሁለት የግል ሆስፒታሎች ተደርድረዋል፤ ከቦሌ ወደ ባንኮክና ወደ ሕንድ የሚበሩ ታማሚዎችም አሉ። በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ወጣት ግን አንድ ቀዶ ሕክምና የዓመት ደመወዟን ሊውጠው ይችላል። መገናኛ ላይ የታማሚ ፎቶ በባነር ሰቅለው በድምፅ ማጉያ እርዳታ የሚለምኑ ቤተሰቦችን አይቶ የማያውቅ የከተማው ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። መድን ቢኖር ብዙዎቹ አደባባይ አይወጡም ነበር።

የቦሌ፣ የየካና የለሚ ኩራ መራጮች ሆይ፣ ተመራጫችሁ ለቅስቀሳ ሲመጣ ስለ መንገድና ስለ ውሃ ብቻ አትጠይቁት። የጤና መድኑ ሕግ መቼ ሥራ ላይ እንደሚውል፣ ፓርቲው ቢያዘገየው በአንቀጽ 54 በተሰጠው ነጻነት ተጠቅሞ ይቃወም እንደሆነ በሕዝብ ፊት ይመልስላችሁ፤ መልሱንም መዝግባችሁ ያዙት።